ፈርን ሁለት ጊዜ ይኖራል

በየሆቴሉ በረንዳ በሸክላ ተተክሎ የምናየው፣ በየምንጩ ዳር ከድንጋይ ስንጥቅ ቅጠሉን የሚዘረጋው ፈርን አበባም ፍሬም የለውም። ይህን ከትምህርት ቤት ጀምሮ እናውቃለን፤ ስፖር በሚባል ብናኝ እንደሚራባም ተምረናል። ያልተነገረን፣ ወይም ተነግሮን ሳንደነቅ ያለፍነው፣ ይህ ነው፦ ያ ብናኝ ሲበቅል ፈርን አይሆንም! ከስፖር የሚወጣው ሌላ ተክል ነው። ቅጠል የለው፣ ግንድ የለው፣ እውነተኛ ሥር የለው። ከትንሿ ጣት ጥፍር የማትበልጥ፣ የልብ ቅርጽ ያላት ስስ አረንጓዴ ተክል ናት። ምግቧን ራሷ ከብርሃን እየሠራች፣ ማንንም ሳትጠጋ ትኖራለች። ወንዴና ሴቴ ሕዋስ የሚፈጠረው በእሷ ላይ ነው፤ ፈርኑ የሚጸነሰውም በእሷ ላይ ነው።

እስቲ አስቡት! በጫካ ውስጥ አንድ ትልቅ ፈርን ስታዩ የተክሉን ሕይወት ግማሹን ብቻ ነው ያያችሁት። ሌላው ግማሽ እግራችሁ ሥር፣ እርጥብ አፈር ላይ ተለጥፎ፣ ሳታውቁት እየረገጣችሁት ይሆናል። እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ የጅረት ዳርና ውሃ የሚያዣ ግድግዳ ባየሁ ቁጥር ሳልጎነበስ አላልፍም። ደግሞ ይህ የተደበቀ ሁለተኛ ሕይወት የፈርን ብቻ አይደለም። ዛሬ ጠዋት የጠጣነው ቡናም አልፎበታል። ወደ እሱ እደርሳለሁ፤ መጀመሪያ ግን ስፖሩ ከቅጠሉ እንዴት ተነሥቶ እንደሚሄድ ካልነገርኋችሁ አያስችለኝም።

የፈርን ቅጠል ገልብጣችሁ ብታዩ ከጀርባው በረድፍ የተደረደሩ ቡናማ ነጠብጣቦች ታገኛላችሁ። ብዙ ሰው ተባይ የጣለው እንቁላል ይመስለዋል፤ ታሟል ብሎ ቅጠሉን ቆርጦ የሚጥልም አለ። አትቁረጡ! እያንዳንዱ ነጠብጣብ የጥቃቅን ከረጢቶች ስብስብ ነው፤ በአብዛኞቹ የፈርን ዓይነቶች በአንዱ ከረጢት ውስጥ 64 ስፖሮች አሉ። ከረጢቱን አንድ ረድፍ ሕዋሳት እንደ ቀለበት ይከቡታል፤ ቁጥራቸው ደርዘን ያህል ነው። የእነዚህ ሕዋሳት የውስጥና የጎን ግድግዳ ወፍራም ነው፤ የውጭው ግን ስስ። ሥራው ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ስስ ግድግዳ ነው። አየሩ ሲደርቅ በሕዋሳቱ ውስጥ ያለው ውሃ በእሱ በኩል ይተናል። የቀረው ውሃ ግን ግድግዳውን አልለቅም ይላል፤ እየቀነሰ በሄደ ቁጥርም የጎን ግድግዳዎቹን አንዱን ወደ አንዱ ይስባቸዋል። ቀለበቱ ይቃናል፤ ከዚያም አልፎ ወደ ኋላ ይለመጣል። ከረጢቱ ይቀደድና ስፖሮቹ በተለመጠው ክንድ ላይ እንደተጫኑ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ውሃው ተለጥጦ ተለጥጦ መቻል ሲያቅተው በሕዋሳቱ ውስጥ በአንድ ቅጽበት የእንፋሎት አረፋ ይፈጠራል፤ ክንዱም ተስፈንጥሮ ይመለሳል። ስፖሮቹ በሴኮንድ 10 ሜትር ገደማ በሆነ ፍጥነት ይወነጨፋሉ!

በሴኮንድ 10 ሜትር! የዓለም ምርጥ ሯጮች መቶ ሜትር የሚሮጡበት ፍጥነት እኮ ነው። ይህን የሚያደርገው ደግሞ ጡንቻም ነርቭም የሌለው፣ በዐይን ለማየት የሚያስቸግር ከረጢት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በፈረንሳይ ኒስ ከተማ የሚሠሩት ዣቪየ ኖብሊንና ባልደረቦቻቸው ይህን በፈጣን ካሜራ ቀርጸው ሳይንስ በተባለው መጽሔት አሳተሙት። እኔን ከፍጥነቱ ይልቅ ያስደመመኝ ክንዱ የሚቆምበት መንገድ ነው። ሰው የሠራቸው ጥንታዊ የድንጋይ መወንጨፊያዎች ክንዱን እመንገድ ላይ የሚገታ አግዳሚ እንጨት ነበራቸው፤ ክንዱ ካልተገታ ድንጋዩ በትክክል አይለቀቅም። ፈርን አግዳሚ እንጨት ከየት ያመጣል? ክንዱ በማይክሮ ሴኮንዶች ውስጥ የመንገዱን ከፊል ይመለስና፣ የቀረው ውሃ በግድግዳዎቹ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቶሎ ማለፍ ስለማይችል እንቅስቃሴው ድንገት ይገታል። አግዳሚው ራሱ ውሃው ነው! ክንዱን የለመጠው፣ የለቀቀውና የገታው ያው አንድ ውሃ ነው። ከዚህ የበለጠ የተጣራ የምሕንድስና ሥራ አላውቅም።

አውሮፓውያን የፈርንን ነገር ለብዙ ዘመን መፍታት አቅቷቸው ነበር። ተክል ሁሉ ዘር አለው፤ የፈርን ዘር ግን አይታይም፤ እንግዲያው የማይታየውን ዘር የያዘ ሰው ራሱም ከሰው ዐይን ይሰወራል ብለው ያምኑ ነበር። ሼክስፒር ይህን እምነት በሄንሪ አራተኛ ተውኔቱ ውስጥ በአንድ ገጸ ባሕርይ አፍ አስገብቶታል። ብናኙን አፈር ላይ ዘርቶ፣ በማይክሮስኮፕ እየተከታተለ፣ በርግጥም ፈርን እንደሚገኝበት ካሳዩት ሰዎች አንዱ በጃማይካ ይሠራ የነበረው ሐኪም ጆን ሊንድሴይ ነው፤ ሥራውም በ1794 ታተመ። ያም ሆኖ በመሃል የምትበቅለው ትንሽ የልብ ቅርጽ ምን እንደምትሠራ ሳይታወቅ ግማሽ ምዕት ዓመት አለፈ። የወንዴውም የሴቴውም አካል በእሷ ላይ እንደሆነ በ1848 ያሳየው ፖላንዳዊው ባላባት ሚካኤል ሌሽቺትስ ሱሚንስኪ ነው።

ይህችን የልብ ቅርጽ ያላት ትንሽ ተክል ሳይንቲስቶች ፕሮታለስ ይሏታል። አብዛኛው አካሏ ውፍረቱ የአንድ ሕዋስ ብቻ ስለሆነ ብርሃን ያሳልፋል። አፈሩን በሚነካው ገጿ በኩል የወንዴና የሴቴ አካላቷ አሉ። ዝናብ ወይም ጤዛ ሲያርሳት የወንዴው አካል ይከፈትና ጥምዝምዝ ያሉ፣ በብዙ ጅራፎች የሚቀዝፉ ሕዋሳት ወደ ውሃው ይለቀቃሉ። ይዋኛሉ! ተክል እኮ ነው፤ ከቆመበት ንቅንቅ አይልም የምንለው ተክል! ወዴት እንደሚዋኙም ያውቃሉ። ጀርመናዊው ቪልሄልም ፕፌፈር በ1884 እንዳሳየው የፈርን ወንዴ ሕዋሳት ማሊክ አሲድ ወዳለበት ይሳባሉ፤ ለፖም ኮምጣጣ ጣዕሙን የሚሰጠው ያው አሲድ ነው። ፕፌፈር በጣም በቀጠነ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ አሲዱን አድርጎ ሕዋሳቱ የሚዋኙበት ውሃ ውስጥ ሲያስገባው ሕዋሳቱ ወደ ቱቦው አፍ ጎረፉ።

በዚህ አላበቃም። ፕሮታለሶች ከጎረቤቶቻቸው ጋር ይነጋገራሉ። ብዙ ስፖሮች አንድ ቦታ ሲወድቁ፣ በብዙ የፈርን ዓይነቶች ዘንድ ቀድማ ያደገችው በዙሪያዋ ኬሚካል ትለቃለች፤ ዘግይተው የበቀሉት ያ ኬሚካል ሲደርሳቸው ወንድ ይሆናሉ። ትልቋ ሴት፣ በዙሪያዋ ያሉት ወንዶች! በዚህም እንቁላሏ ከራሷ ሳይሆን ከሌላ በመጣ ሕዋስ የመዳቀል ዕድሏ ይሰፋል። ይህን ኬሚካል ጀርመናዊው ቫልተር ዶፕ በ1950 ደረሰበት። በ2014 ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች ላይጎዲየም በሚባል ተጠምጣሚ ፈርን ላይ ሲያጠኑ ትልቋ የምትልከው ያላለቀ ሆርሞን እንደሆነ አገኙ። የሆርሞኑን የመጨረሻ የሥራ ደረጃ የሚጨርሱት ታናናሾቹ ናቸው። መልእክቱ የሚሟላው ተቀባዩ ዘንድ ደርሶ ነው ማለት ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከአውራ ጣት በማይሰፋ እርጥብ አፈር ላይ፣ ማንም ሳያየው ነው።

አንዳንዴም ይህች ትንሽ ተክል ትልቁን ፈርን ጨርሳ ትተወዋለች። በአሜሪካ የአፓላቺያን ተራሮች፣ በዐለት ጥላ ሥር፣ ቪታሪያ አፓላቺያና የሚባል ፈርን ይኖራል፤ ቅጠላሙ ትልቁ አካል ግን አይገኝም። በትንሿ አካል ብቻ፣ ከገላዋ እየተቆረሰ በሚወድቅ ቅንጣት እየተባዛ ይኖራል።

አሁን ስለ ሆፍማይስተር ልንገራችሁ። ስሙን ዳርዊንን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሊያውቀው በተገባ ነበር! ቪልሄልም ሆፍማይስተር በ1824 በላይፕዚግ ተወለደ። አባቱ የሙዚቃ ኖታ አሳታሚና ነጋዴ ነበር። ልጁ በ15 ዓመቱ ትምህርት ቤት ጨርሶ ወደ ንግዱ ገባ፤ የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ በተማሪነት አልረገጠም። ከሥራ በፊት ከንጋቱ ዐሥር ሰዓት ጀምሮ ተነሥቶ ዕፅዋት ይመረምር ነበር። ዐይኑ ሩቅ አያይም፤ የቅርቡን ግን አጥርቶ ያይ ነበርና ያን ጉድለት ለሥራው ተጠቀመበት። በ1851፣ ገና በ27 ዓመቱ፣ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ የሞስን (በድንጋይና በዛፍ ቅርፊት ላይ አረንጓዴ ምንጣፍ የሚያነጥፈውን ተክል)፣ የፈርንንና የጥድ ዘመዶችን አረባብ ጎን ለጎን አስቀምጦ ያሳያል።

የሰው ልጅ ስለ ተክል ካወቃቸው ነገሮች ሁሉ ይህን የሚያህል ለእኔ የለም። ሆፍማይስተር ያየው እነዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት ሕይወት እንደሚኖሩ ነው፤ ሁሉም ሁለት አካል አላቸው። አንዱ ስፖር ያፈራል፤ ሌላው ከስፖር በቅሎ ወንዴና ሴቴ ሕዋስ ያፈራል፤ ከነሱ ጥምረት ደግሞ መጀመሪያው ይወለዳል። ልዩነቱ የትኛው አካል ይተልቃል የሚለው ብቻ ነው። በሞስ ዋናው ተክል ሁለተኛው ነው፤ ስፖር ሰጪው አናቱ ላይ ቆሞ ከእሱ ይመገባል። በፈርን ሁለቱም ለየብቻ ይኖራሉ። በጥድና በመሰሎቹ ሁለተኛው አካል አንሶ አንሶ በመጀመሪያው ውስጥ ተደብቋል። ዳርዊን ስለ ዝርያዎች አመጣጥ መጽሐፉን ከማሳተሙ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ፣ አንድ የሙዚቃ ሱቅ ሰው ከሞስ እስከ ጥድ ያለውን ዓለም በአንድ ክር አገናኘው! በ1863 የሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አድርጎ ሾመው።

እንግዲህ ቡናችን። በካፋ ደን ውስጥ የዛፍ ቁመት ያለው ፈርንና የዱር ቡና በአንድ ጫካ ይኖራሉ። ሁለቱን ከሆፍማይስተር በኋላ የሚያይ ሰው እንደ ድሮው አያይም። ቡናም ስፖር አለው! የአበባው ዱቄት የሚመጣው ከስፖር ነው፤ እያንዳንዷ ቅንጣት በመጨረሻ ሦስት ሕዋስ ብቻ የሚኖራት ወንድ ፕሮታለስ ናት። ሴቷ ስፖር ግን ከአበባው ውስጥ አትወጣም። ከእናቷ ቤት ሳትወጣ እንደተዳረች ልጅ እዚያው ታድጋለች፣ እዚያው ትጸንሳለች። በአብዛኞቹ አበባ ሰጪ ተክሎች እሷ ጠቅላላ አካሏ ሰባት ሕዋስ ነው። ሰባት! በጅረት ዳር ለብቻዋ የምትኖረው ያቺ የልብ ቅርጽ፣ በቡና አበባ ውስጥ በሰባት ሕዋስ ተጠቃላ አለች። ዱቄቱ አበባው ላይ ሲያርፍ ቀጭን ቱቦ ወደ ውስጥ ይሰድና ወንዴ ሕዋሳቱን እስከ እንቁላሉ ያደርሳል። መዋኘት የለ፣ ጤዛ መጠበቅ የለ። ከ360 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው የዘር ቅሪቶች የሚመሰክሩት የዚህን መንገድ አጀማመር ነው፤ ተክል ለመዳቀል ውሃ ላይ መዋኘት የማያስፈልገው ሲሆን ደረቁ ምድር ተከፈተለት።

ከዚያም ሌላ ጉድ አለ። ሰርጌይ ናቫሺን በኪየቭ በ1898፣ ሊዮን ጊኛርም በፓሪስ በ1899 እንዳሳዩት በአበባ ውስጥ ሁለት ወንዴ ሕዋሳት ይገባሉ። አንዱ ከእንቁላሉ ጋር ተዋሕዶ ጽንስ ይሆናል። ሌላው ከመካከለኛው ሕዋስ ጋር ተዋሕዶ የጽንሱ ስንቅ ይሆናል። ቆልተን፣ ወቅጠን፣ በጀበና አፍልተን የምንጠጣው ከሞላ ጎደል ይህን ስንቅ ነው! ጽንሱ በቡናው ፍሬ አንድ ጫፍ የተቀመጠ ጥቂት ሚሊ ሜትር ነገር ነው፤ የቀረው በሙሉ ለእሱ የተሰናዳ ነው። የጤፉ፣ የስንዴው፣ የገብሱና የማሽላው ዱቄትም በአብዛኛው ያው ስንቅ ነው። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ግማሽ ግራም አይሞላም፤ ያም ሆኖ በእያንዳንዷ ውስጥ ጽንስ ከነስንቁ አለ። (ባቄላና ሽምብራ ገና በማሕፀን ሳሉ ስንቁን በልተው ወደ ሁለቱ ክኮቻቸው ስላዛወሩት ከሌሎቹ ይለያሉ።) በእስራኤል ደግሞ ሣራ ሳሎንና ኢሌን ሶሎዌይ ከማሳዳ ምሽግ ፍርስራሽ የተገኘ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ የሆነው የቴምር ዘር በ2005 ተክለው አበቀሉ። ሁለት ሺህ ዓመት ስንቁን ታቅፎ የጠበቀ ጽንስ!

መዋኘቱን ግን ዘር ያላቸው ተክሎች ሁሉም አልተዉትም። በቶኪዮ በኮኢሺካዋ የዕፅዋት ማእከል ውስጥ አንድ ትልቅ የጊንኮ ዛፍ ቆሟል። በ1896 ሂራሴ ሳኩጎሮ የተባለ ሠራተኛ፣ በሥዕል ሠሪነት ጀምሮ በዩኒቨርሲቲው ረዳት የሆነና እሱም ዲግሪ ያልነበረው ሰው፣ ከዚያ ዛፍ የወሰደውን ያልበሰለ ዘር እየከፈለ ሲመረምር በውስጡ ወንዴ ሕዋስ ሲዋኝ አየ። ጊንኮ ዘር ያለው ዛፍ ነው፤ ግን በዘሩ ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ ያዘጋጅና ሕዋሱን እዚያ ያዋኘዋል! በዚያው ዓመት ኢኬኖ ሴይኢቺሮ ሳይካስ በተባለ ሌላ ዘር ያለው ተክል ላይም ያንኑ አገኘ፤ የሳይካስ ዘመዶች ወንዴ ሕዋስ ያለ ማጉያ በዐይን ሊታይ የሚችል ትልቅ ነው። ሆፍማይስተር ከዚያ 19 ዓመት በፊት፣ በ1877፣ ዐርፎ ነበር፤ ይህን ቢያይ ምንኛ በተደሰተ! የዘሩ ክር ከፈርኑ እንዳልተበጠሰ በዐይን የታየው ያን ጊዜ ነው። ሂራሴና ኢኬኖ በ1912 የጃፓን ንጉሠ ነገሥታዊ አካዳሚ ሽልማት ተሸለሙ።

ዘር ከስፖር ይበልጣል፣ ስፖር ኋላ ቀር ነው የሚል ሐሳብ በብዙ የትምህርት መጻሕፍት ውስጥ ይንሸራሸራል። እኔ አልቀበለውም። በ1883 የኢንዶኔዥያው የክራካታው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ከደሴቲቱ የተረፈውን በአመድና በድንጋይ ቀበረው። በሦስተኛው ዓመት ሆላንዳዊው የዕፅዋት ሊቅ መልኪዮር ትሩብ ሲደርስ ከትልልቆቹ ደሴቶች ዳርቻ 40 ኪሎ ሜትር ያህል በራቀችው በዚያች ምድር 11 የፈርን ዓይነቶች አገኘ። ነፋስ ያመጣቸው ነጠላ ሕዋሳት ናቸው። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከሰማይ የወረደው ግዙፍ ድንጋይ ዳይኖሰሮችን ባጠፋ ጊዜም፣ በሰሜን አሜሪካ ከአደጋው በላይ ያለውን የዐለት ንጣፍ የሞላው የፈርን ስፖር ነው። የተቃጠለ ምድር ላይ ቀድሞ የደረሰው ስንቅ የሌለው ስፖር ነበር።

ይህን ሁሉ ደግሞ ቤታችሁ ማየት ትችላላችሁ! ከጀርባው ቡናማ ነጠብጣብ ያለው አንድ የፈርን ቅጠል ቁረጡ፤ ነጠብጣቡ በስሎ ገና ያልረገፈ ይሁን። ጀርባውን ወደ ታች አድርጋችሁ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጡትና ነፋስ በማይገባበት ደረቅ ክፍል አሳድሩት። ጠዋት ቅጠሉን ስታነሡት የቅጠሉ ቅርጽ በብናኝ ተስሎ ታገኙታላችሁ፤ ውንጭፎቹ ሌሊቱን ሲተኩሱ አድረዋል ማለት ነው። ብናኙን የፈላ ውሃ ፈስሶበት በቀዘቀዘ ለስላሳ አፈር ላይ ስስ አድርጋችሁ ነስንሱት፤ አፈር አታልብሱት። ዕቃው ክዳኑ ብርሃን የሚያሳልፍ ይሁን፤ ብርሃን ባለበት፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ በማትመታው ቦታ ይቀመጥ። ከሳምንታት በኋላ አፈሩ አረንጓዴ ይለብሳል፤ ትንሽ ቆይቶ ልቦቹ ይለያሉ። ያኔ አጉሊ መነጽር ያዙ፤ ልጆች ካሉም ጥሩ። አፈሩ እንዳይደርቅ ተጠንቀቁ፤ በየጥቂት ቀኑም ልቦቹን በሚገባ የሚያርስ ንጹሕ ውሃ እርጩ፤ የሚዋኙት በእሱ ነውና።